የተቆረጠው ፎቶግራፍና የጥር ሠርግ

አሳጥሬ ያቀረብኩት የጠያቂዬ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ለእትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እኔና አራት ጓደኞቼ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ በጳጉሜን አንድ ምሽት ተሰብስበን፣ ቡና አፍልተን፣ የመጪውን ዓመት ካርድ እናወጣለን። ካርዶቹ የተገዙ አይደሉም። አንደኛዋ ጓደኛችን ከአሮጌ መጽሔት የቆረጠቻቸውን፣ ከቀን መቁጠሪያ የገነጠለቻቸውን፣ የቴምብርና የክብሪት ቀፎ ሥዕሎችን በካርቶን ላይ ለጥፋ፣ በአሮጌ መጻሕፍት መካከል ተረስተው ያገኘቻቸውን የማናውቃቸውን ሰዎች ፎቶግራፎች ደግሞ እንዳሉ ትታ፣ ሁሉንም በጫማ ሳጥን ታስቀምጣቸዋለች። እያንዳንዳችን ዓይናችንን ጨፍነን 13 እናወጣለን፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ለየወሩ አንድ።

ዘንድሮ ለኅዳር ጭስ የሚወጣበት ሜዳ ወጣልኝና ‹ቤትሽ እሳት እንዳይገባ ተጠንቀቂ› ተባልኩ። ለጥር የወጣው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ወጣት በፎቶ ቤት ውስጥ ቆማለች፤ ከጎኗ የነበረው ሰው በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የቀረው ትከሻዋ ላይ ያረፈ እጁ ብቻ ነው። የእኔ ሠርግ ጥር 17 ነው። ባለፈው ዓመት ትዳሯ የፈረሰው ጓደኛችን ገና ምስሉን እንዳየች ‹ይህ ሰው ከጎንሽ አይቆምም› አለች። ሌላዋ ‹የፈሩት ይደርሳል› አለች። የካርዶቹ ባለቤትም ይህ ጥበብ ከጥንት ግብፅ የመጣ ስለሆነ እንደ ቀልድ እንዳላየው መከረችኝ። እናቴ ስትሰማ ሟርት ነው ብላ ተቆጣች። የንስሐ አባቴን ለመጠየቅ አፈርኩ። ለእጮኛዬ አልነገርኩትም፤ እርሱም ዱባይ የሚያገኘው ሥራ ገና ስላልለየለት ሰሞኑን ጊዜ የለውም። ሠርጉን ላራዝመው? ምስሉንስ ላቃጥለው? ነገሩ ኃጢአት ነው ወይ?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ እኔም እንደ አንቺው ዓይኔ የተተከለው ትከሻዋ ላይ በቀረው እጅ ላይ ነበር፤ ምስሉ በእውነት ያስደነግጣል፣ አልደነገጥኩም ብለሽ ብትጽፊልኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር። በሁለተኛው ንባብ ግን እርሳስ ይዤ መስመር ቆጠርኩ። ሙሉው ደብዳቤሽ ሦስት ገጽ ሲሆን፣ ሁለት ገጽ ከግማሽ የሚሆነው ስለ ሥዕሎቹ የሚያወራ ነው፤ ስለምታገቢው ሰው የጻፍሽው ሁለት መስመር ብቻ ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ ዱባይ የሚለውን ቃል ይዟል። ወደዚህ መመለሴ አይቀርም። ነገር ግን መልሱን እስከ መጨረሻ ድረስ አላስጠብቅሽም፦ በዚህ ምስል ምክንያት ሠርግሽን አታራዝሚ፤ ምስሉንም አታቃጥዪው።

ከምስሉ ልጀምር። እናንተ በዚያ ምሽት «ይህ ምስል ስለ ጥር ምን ይላል?» ብላችሁ ጠየቃችሁ እንጂ፣ «ይህን ፎቶግራፍ ማን ቆረጠው፣ ለምንስ ቆረጠው?» ብላ የጠየቀች አንዲትም ያለች አይመስለኝም። ተጥሎ ወይም ተረስቶ የተገኘ ምስል ግን ወደ እናንተ ሳጥን ከመግባቱ በፊት የራሱ ባለቤትና የራሱ ታሪክ የነበረው ነገር ነው። በእኛ አገር ፎቶግራፍ ማንሳት እንደ ዛሬው በእጅ ስልክ የሚፈጸም ነገር ሳይሆን ለብሶና ተቀባብቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ከተማ ወርዶ የሚደረግ ጉዳይ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቤተሰብ በጠቅላላው ሁለት ወይም ሦስት ፎቶግራፍ ብቻ ሊኖረው ይችል ነበር። ስለዚህም ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉርድ ፎቶግራፍ በድንገት ሲጠየቅ፣ መቀስ ተነሥቶ ከቡድኑ ፎቶግራፍ ላይ የሚፈለገው ሰው ይቆረጥ ነበር። ሰው ሲሞትም ለለቅሶ የሚያዘውን ምስል ለማስጎላት እንዲሁ ከሌሎች መካከል ተቆርጦ የወጣ ብዙ ነው።

እኛ ቤት ራሱ እንዲህ ያለ አንድ ፎቶግራፍ አለ። እናቴ የሙሽራ ልብሷን ለብሳ ቆማለች፤ ከጎኗ አባቴ በነበረበት ቦታ በሰው ቅርጽ የተበሳ ቀዳዳ ይታያል። አባቴ አዲስ ሥራ ሲይዝ በማግስቱ ጉርድ ፎቶግራፍ ካላመጣህ ተብሎ፣ በአካባቢው ፎቶ ቤት ስላልነበረ፣ እናቴ በገዛ እጇ ቆርጣ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ 38 ዓመት አብረው ኖረዋል። እንግዳ ሁሉ ፎቶግራፉን አይቶ አንገቱን ሲነቀንቅ፣ እርሷ «ሰውዬውን ለመሥሪያ ቤት አበድሬው ነው» እያለች ትስቅ ነበር። የአንቺ ካርድ ላይ ያለችው ሴት ታሪክም እንዲሁ ነው ብዬ አልምልልሽም፤ ተጣልተውም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው፣ ያ መቀስ ያለፈው በአንድ የማናውቀው ቤት ጉዳይ ላይ ነው እንጂ፣ አንቺ ገና ባልደረስሽበት ጥር ላይ አይደለም ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ተናገረችው ሰው እንሂድ፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ የማተኩረው እዚህ ላይ ነው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው የሚባለው በከንቱ አይደለም። አያቶቻችን ክፉ ሕልም ያዩ እንደሆነ ለማንም ዘለው አይናገሩም ነበር፤ ሰሚው አስቀድሞ «በጎ ይሁንልሽ» እንዲል ይፈልጉ ነበር፤ ለሚወዳቸውና ልቡ ላልተከፋ ሰው መርጠው ያወሩት ነበር። ይህ ተራ ፍርሃት አይደለም፤ ፍቺው ከሕልሙ ይልቅ የፈቺውን ልብ እንደሚያሳይ ያወቁ ሰዎች ጥንቃቄ ነው። አንቺ ግን ምስሉን የፈታሽው ትዳሯ በፈረሰ በዓመቱ ከጓደኞቿ ጋር ቡና ልትጠጣ በመጣች ሴት ቃል ነው። ከጎኗ ሰው የተቆረጠባት ሴት ምስል ፊቷ ላይ በድንገት ሲወድቅ ምን እንድታይ ጠብቀሽ ነበር? እርሷ ያየችው ያንቺን ጥር ሳይሆን የራሷን ያለፈ ዓመት ነው፤ ክፋትም አላሰበችም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ከራሴ ብቻ የምናገረው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ መሪና ክሪስቲያና ሞርጋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ልክ እንደ ጓደኛሽ፣ ከመጽሔትና ከመሳሰሉት ሥዕሎችን እየሰበሰቡ ካርድ አዘጋጅተው ነበር። ሥዕሎቹ ሆን ተብሎ አሻሚ የሆኑ ናቸው፤ ተመልካቹ በሥዕሉ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደ ነበረ፣ ሰዎቹ ምን እንደሚሰማቸውና መጨረሻው ምን እንደሚሆን ታሪክ አድርጎ እንዲናገር ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1943 ታትሞ የወጣው ስብስብ 31 ካርዶች ሲኖሩት፣ ከእነርሱ አንዱ ምንም ያልተሳለበት ባዶ ነጭ ካርድ ነው፤ ሰዎች በባዶው ላይም ታሪክ ይናገራሉ። የዘዴው አስተማማኝነት በባለሙያዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ቢሆንም፣ ዓላማው ግልጽ ነው፤ ባለሙያው ከካርዱ ስለሚመጣው ዓመት ምንም አይጠይቅም፣ የሚያዳምጠው የተናጋሪውን ሰው ልብ ነው። እናንተ ያንኑ ሥራ እየሠራችሁ የምታዳምጡትን ቦታ ብቻ ተሳስታችኋል።

የጥንት ግብፅን ነገር ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም፤ ጓደኛሽ ቃሏን ያከበደችበት ሚዛን እርሱ ስለሆነ። በዓለም ላይ ለጥንቆላ የሚውሉት በጣም የታወቁት የሥዕል ካርዶች ታሮት የሚባሉት ናቸው፤ የተወለዱትም በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ ሲሆን የመኳንንት ቤት መጫወቻ ነበሩ፣ እንደ ማንኛውም የካርታ ጨዋታ። እ.ኤ.አ. በ1781 በፓሪስ አንትዋን ኩር ደ ዤብላን የተባለ ጸሐፊ እነዚህ ሥዕሎች የጥንት ግብፃውያን ካህናት የደበቁት ጥበብ ናቸው ብሎ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የግብፅን የሥዕል ጽሕፈት ማንበብ የሚችል አንድም ሰው በምድር ላይ አልነበረም፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖልዮን ምስጢሩን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1822 ነው። ኩር ደ ዤብላን ያላነበበውን ተርጉሟል ማለት ነው። ቃሉ ግን ጣፋጭ ስለነበረ ተከታይ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ኤቴያ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሌላ ፈረንሳዊ ካርዶቹን ለጥንቆላ የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ባለ 78ቱ ካርዶች ሥዕሎች ደግሞ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በምትባል ሠዓሊ ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ የታተሙ ናቸው፤ ከአሮጌው የአዲስ አበባና ጅቡቲ የባቡር መስመር በዕድሜ ብዙም አይበልጡም። እንግዲህ ያ ሁሉ ክብደት የመጣው ለመጫወቻ በተሳሉ ሥዕሎች ላይ ቆይቶ ከተጫነ ወሬ ነው፤ የእናንተ የክብሪት ቀፎ ከእነርሱ የሚያንስበት ምክንያት የለም፣ የሚበልጥበትም የለም።

ከካርድ ታሪክ ውስጥ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን በ1940 እና በ1941 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የወደብ ከተማ ማርሴይ ላይ የሆነውን ነው። ናዚዎች ፈረንሳይን ሲይዙ ገጣሚውን አንድሬ ብሬቶንን ጨምሮ ብዙ ሠዓልያንና ጸሐፍት ከአገር መውጫ ቪዛ እየጠበቁ በከተማዋ ዳርቻ በሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ተጠልለው ነበር። ነገ ምን እንደሚመጣ ማወቅ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ነበሩ። በዚያ ጭንቀት መካከል ተቀምጠው የራሳቸውን የመጫወቻ ካርታ ሳሉ፤ የተለመዱትን አራት ምልክቶች አውጥተው በፍቅር፣ በሕልም፣ በአብዮትና በዕውቀት ተኩ፤ ንጉሡንና ንግሥቲቱንም ሻሩ። ቪዛው መቼ እንደሚመጣ ካርዱን አልጠየቁትም፤ ጥበቃውን ሊችሉበት ሳሉት። ቪዛና የሥራ ፈቃድ ሲጠበቅ ቤት ውስጥ የሚያድረውን ዝምታ የምታውቂ ሰው ስለሆንሽ ይህን ነገር ትረጂዋለሽ ብዬ ነው።

ስለ ኅዳሩ ጭስ ግን፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሳቅኩ። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን ሰብስቦ ሲያቃጥል የማይጨስ የትኛው ኅዳር ነው? ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. የገባው ያ የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። ያ ካርድ ለግንቦት ቢወጣ ኖሮ የእርሻ ማሳ ይቃጠላል ይባል ነበር፤ ለሰኔ ቢወጣ ጉም ነው ይባል ነበር። ለማንም የሚስማማ ነገር ለእኔ ብቻ የተነገረ መስሎ የሚሰማን ለምን እንደሆነ በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ፈትኖታል። ለ39 ተማሪዎቹ የየራሳችሁ ጠባይ ትንታኔ ነው ብሎ ጽሑፍ አደላቸው፤ ተማሪዎቹም ምን ያህል እንደገለጻቸው ከ5 ነጥብ ሲሰጡ አማካዩ 4.26 ሆነ። ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹንም የለቀማቸው ከአንድ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ወደ እናትሽ እንምጣ። እናትሽ የተጠቀሙበትን ቃል አትናቂው። ሟርት የሚባለው በወረቀት ላይ የተሳለው አይደለም፤ ከአፍ የሚወጣው ነው። «አታሟርቺብኝ» የምንለው ለተናጋሪ ነው እንጂ ለሥዕል ብለነው አናውቅም። ስለዚህ እናትሽ የተቆጡት በፎቶግራፉ ሳይሆን «ከጎንሽ አይቆምም» በሚለው ቃል መሆን አለበት፤ በዚህም ከሁላችሁም ይልቅ ነገሩን በትክክል ያዩት እርሳቸው ይመስሉኛል። «የፈሩት ይደርሳል» የሚለውም ተረት ቢሆን ሰው ፍርሃቱን ራሱ እየጎተተ እንዳያመጣው የሚነገር ነው። ሠርግሽን ፈርተሽ ብታራዝሚ፣ ሰውዬው ምክንያቱን ባለማወቁ ቢቀየም፣ በዚያም ብትለያዩ፣ ካርዱ እውነት ተናገረ ይባል ነበር፤ ሥራውን የሠራሽው ግን አንቺ ነሽ።

ኃጢአት ነው ወይ ለሚለው መልስ የሚሰጡሽ የንስሐ አባትሽ ናቸው፤ እኔ የምክር ዓምድ ጸሐፊ እንጂ ካህን አይደለሁም። ከእኔ የምትሰሚው ይህን ያህል ነው፦ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ቁጥር 10 ሟርተኛውንና ሞራ ገላጩን በስም ጠቅሶ ይከለክላል፤ ካህናትም ይህንኑ ያስተምራሉ፤ እንደዚያም ሆኖ ዓውደ ነገሥት የሚባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ በየቤቱ አለ፤ ልጅ ለመዳር ሲታሰብም የወንዱንና የሴቲቱን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር በፊደል ቁጥር አስልቶ ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ የሚያይ ዛሬም አልጠፋም። አንቺን የሚያሳፍርሽ ነገር ለንስሐ አባትሽ አዲስ አይደለም ማለቴ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ደብተራ የሚሠራው ጠልሰም የሚባለው የአስማት ሥዕል ያለበት ክታብ እንኳ በባለቤቱ ቁመት ልክ በብራና ላይ ተለክቶ፣ የክርስትና ስሙ ተጽፎበት የሚሠራ ነው። ምስል በሰው ላይ ኃይል አለው ብለው የሚያምኑት ሰዎች እንኳ ለዚያ ሰው ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት ይላሉ። ከአሮጌ መጽሐፍ መካከል የወደቀ የማይታወቅ ሰው ፎቶግራፍ በማን ቁመት ተለካ? የማን ስም ተጻፈበት?

ስለሚመጣው ዓመት አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ የአገራችን ሊቃውንት ይህን የሚያሰሉበት ባሕረ ሐሳብ አላቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ ሠርግሽ የሚውልበትን 2018 ዓ.ም. ደምረሽ የምታገኚውን 7518 ለ4 ብታካፍዪው 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይያዛል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። ይህ ማንም ዓይኑን ጨፍኖ ያላወጣው፣ ሊቁም ተማሪውም እኩል የሚደርሱበት ሒሳብ ነው። ለአንቺም ከካርዱ የበለጠ የሚጠቅም ነገር ይነግርሻል፦ ሠርግሽን ከጥር 17 ብታነሺው፣ ከነነዌ ጾም በፊትና በኋላ እስከ የካቲት 8 የቀሩትን ጥቂት ቀናት ሌሎች ሙሽሮች የያዙብሽ እንደሆነ፣ ቀጥሎ የምታገኚው ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ የምግብ ቤቱን ቀብድ፣ የዘመዶችን የጉዞ ዕቅድና የእናትሽን የጠላ ጥንስስ ምን ልታደርጊው እንደሆነ አስቢ።

አሁን ወደ ሁለቱ መስመሮች። እጮኛሽ ዱባይ የሚያገኘው ሥራ አልለየለትም ብለሽ ጽፈሻል። ከሠርጉ በፊት ይሄዳል ወይስ በኋላ? ብቻውን ነው የሚሄደው ወይስ ይዞሽ? ለስንት ዓመት? ደብዳቤሽ ላይ ይህን ፈልጌ አጣሁት፤ እንደምገምተው አንቺም አታውቂውም። እንግዲህ የሄደ ሰው እጁ ብቻ ትከሻ ላይ ቀርቶ የሚያሳይ ምስል አንቺን ያስደነገጠሽ ለምን እንደሆነ አሁን አይገባሽም? ከአምስታችሁ መካከል ያ ካርድ ለሌላዋ ቢወጣ ኖሮ ምናልባት የድሮ ፋሽን ቀሚስ ናት ብላ ታልፈው ነበር። ፍርሃቱ ከጳጉሜን በፊት ቤትሽ ነበረ፤ ካርዱ መልክ ሰጠው እንጂ አላመጣውም። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የካርድ ሥራ አይደለም። ሰውዬውን በሚቀጥለው እሑድ፣ ስልክ ሳይዝ፣ አስቀምጠሽ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች በቀጥታ ጠይቂው። ስለ ፎቶግራፉም ንገሪው፤ የሚስቅብሽ ከሆነ ይሳቅ፣ የምታገቢው ሰው አንቺ በምትፈሪው ነገር እንዴት እንደሚስቅ ማወቅም ከሠርግ በፊት ጥሩ ነው። መልሱ አላጠግብሽ ካለና ሠርጉን ማራዘም ካስፈለገ፣ በእርሱ መልስ ምክንያት አራዝሚው፤ ያኔ እኔም ከጎንሽ ነኝ።

ጨዋታውን ተዉት ብዬ ግን አልመክራችሁም፤ ይህን በማለቴ የሚቀየሙኝ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ዓመትን በሥዕል መቀበል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ በቀለም ስለው በየደጁ ያድሉ ነበር፤ ሴቶቹ አበባየሆሽ ስንል እነርሱ ሥዕላቸውን ይዘው ይገቡና ሳንቲም ይቀበሉ ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ ያመጣልን መልአክ አንድ ክንፍ ብቻ ነበረው፤ ቀለም አልቆበት ነው። እናቴ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ዘንድሮ ግማሽ ጥበቃ ነው የሚደርሰን ያለ ሰው አልነበረም። ልዩነቱ ይታይሻል? ያ ሥዕል ይሰጥ ነበር እንጂ አይፈታም ነበር።

ለሚመጣው ጳጉሜን ሳጥኑ ሲከፈት እነዚህን ነገሮች አስቡባቸው። ካርዱን ያወጣችው ራሷ አስቀድማ ትናገር፤ ሌሎቹ ከመናገር ይልቅ ይጠይቋት፣ «ምን አስታወሰሽ? ሰውዬውን ማን መሰለሽ?» እያሉ። ማንም በሌላዋ ካርድ ላይ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» የሚል ግሥ አትጠቀም። ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ፣ ሠርግም ይሁን ቀዶ ሕክምና ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ በጨዋታው ውስጥ አይግባ። የተባለው ሁሉ ደግሞ በዚያው ሌሊት በደብተር ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ከሳጥኑ ግርጌ ይቀመጥ፤ በዓመቱ ስትከፍቱት ከ13ቱ ስንቱ እንደሆነና ስንቱ እንዳልሆነ ትቆጥራላችሁ። የሆነውን ብቻ አስታውሰን ያልሆነውን ስለምንረሳ ነው ጠንቋይ ሁሉ በአገራችን ስም ያተረፈው። ለዘንድሮው አሁንም አልረፈደም፤ ጭሱንም እሳቱንም ጨምረሽ የምታስታውሺውን ሁሉ ዛሬ ጻፊው።

ስለዚያች ጓደኛሽም አንድ ነገር ልበል። ትዳሯ ከፈረሰ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ እርሷ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው። ከአምስታችሁ መካከል በዚያ ምሽት በጣም የተጎዳችው እርሷ ሆና ሳለ ማጽናኛ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። ሌሎቹን ሳትጠሪ ቤትሽ ጥሪያት፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስለ ሠርግሽ አታንሺባት። ከዚያ ፎቶግራፉን አውጪና ያቺ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ምን እያሰበች እንደሆነ ጠይቂያት፤ ዝም ብለሽም ስሚያት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ያላደረጋችሁትን ነገር አድርጊ። የላክሽልኝ የፎቶግራፉ ቅጂ የፊቱ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ፎቶ ቤቶች ማኅተማቸውን የሚመቱት፣ ሰዎችም «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ብለው ስምና ቀን የሚጽፉት በጀርባው ላይ ነበር። አገላብጪውና የተጻፈ ነገር ካለ ጻፊልኝ።